ጉማሬ ለማየት መሰላል

ተረት ተረት ስላችሁ በረቱን ለላሞቹ ተዉላቸውና ወደ መኪናዋ ጠጋ በሉ።

አሰላ ከተማ ውስጥ ሲፈን የምትባል ጠያቂ ልጅ ነበረች። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝዋይ ወርዶ ጉማሬ ማየት። «ጉማሬ ውኃ ውስጥ ሲተኛ አይሰምጥም?» ብላ ያልጠየቀችው ሰው የለም፤ የመለሰላት ግን አልተገኘም። አባቷ አቶ ደምሴ አሮጌዋን መኪና አጠቡ፣ ዘይት ቀየሩ፣ ፍሬን አዩ። መለወጫው ጎማ ግን ተንፍሶ ተገኘ።

«ያለ መለወጫ ጎማ ከከተማ አልወጣም» አሉ። «የዓመት ፈቃዴ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ካልሄድን ለከርሞ ነው፣ ልጄ።»

ለከርሞ! ሲፈን ጎማውን እያንከባለለች ጎማ ጠጋኙ ጋሽ በዳሶ ዘንድ ደረሰች።

«መብራት የለም። የእጅ መንፊያዬን ደግሞ ባለባጃጁ ከድር ተውሶኛል» አሉ።

«ለምን መልስ አይሉትም?»

«ቸግሮት የወሰደውን? ምን ይለኛል!»

እንግዲህ መንፊያ ካልተመለሰ ጎማ አይነፋ፤ ጎማ ካልተነፋ መኪና አይነሳ፤ መኪና ካልተነሳ ጉማሬ አይታይ!

ሲፈን ወደ ከድር ሮጠች። ከድር ከተፈታ የባጃጅ ጎማ አጠገብ ቁጭ ብሏል። «ጎማውን ሳላስር ምኑን ልንፋ? መፍቻዬ አናጢው ሙላት ጋ ነው። አምጣ እንዳልለው ደግሞ ለሙሽራ አልጋ እየገጠመ ነው፤ ያሳፍራል።»

መፍቻ ካልመጣ መንፊያ አይመለስ፤ መንፊያ ካልተመለሰ ጎማ አይነፋ፤ ጎማ ካልተነፋ መኪና አይነሳ፤ መኪና ካልተነሳ ጉማሬ አይታይ!

አናጢው ሙላት ባልቆመ አልጋ መሐል ቆሞ ራሱን ያካል። «መዶሻዬን እትዬ አስካለ ወስደውታል። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፤ በምን አፌ ልጠይቃቸው?»

መዶሻ ከሌለ አልጋ አይቆም፤ አልጋ ካልቆመ መፍቻ አይመጣ፤ መፍቻ ካልመጣ መንፊያ አይመለስ፤ መንፊያ ካልተመለሰ ጎማ አይነፋ፤ ጎማ ካልተነፋ መኪና አይነሳ፤ መኪና ካልተነሳ ጉማሬ አይታይ!

ሲፈን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እትዬ አስካለ ግቢ ገባች። እሳቸው መዶሻውን ታቅፈው ደመናውን ያያሉ።

«ቆርቆሮዬ ያፈሳል፣ የኔ ልጅ። ሳልመታው መዶሻውን ብመልስ ዝናቡ ቤቴ ሊገባ ነው። ጣሪያው ላይ እንዳልወጣ መሰላል የለኝም።»

«መሰላልዎን ማን ወሰደው?»

እትዬ አስካለ ወዲያ ወዲህ አሉ። «ተይው፤ ምን ያደርግልሻል!»

«እትዬ፣ ይንገሩኝ እንጂ!»

«አባትሽ ነዋ! ትናንት መኪናው ላይ ፍራሽ ሊጭንበት። መንገድ የሚወጣን ሰው መልስ ይሉታል እንዴ? ከመንገድ ላስቀረው?»

ሲፈን ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን ንዴቱም አለ። እልህ ይዟት በረረች። መሰላሉ ያው፣ የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል! አቶ ደምሴ ሲሰሙ በሐፍረት ላብ አጠመቃቸው፤ መሰላሉን ተሸክመው ወጡ።

መሰላል ሲመጣ ቆርቆሮ ተመታ፤ ቆርቆሮ ሲመታ መዶሻ ተመለሰ፤ መዶሻ ሲመለስ አልጋ ቆመ፤ አልጋ ሲቆም መፍቻ መጣ፤ መፍቻ ሲመጣ የባጃጁ ጎማ ታሰረ፣ ተነፋ፤ እሱ ሲነፋ መንፊያ ተመለሰ፤ መንፊያ ሲመለስ መለወጫው ጎማ ተነፋ፤ ጎማው ሲነፋ መኪናዋ ተነሳች!

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝዋይ ደረሱ። ከቄጠማው ማዶ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል። ጉማሬው ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ቀስ እያለ ሰመጠ፣ ጠፋ። ሲፈን ደነገጠች፤ እሷም ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ደረቷ ሊፈነዳ ሲል ጉማሬው ዓይኑን እንደ ጨፈነ ብቅ አለ፣ እፍ ብሎ ተነፈሰ፣ ተመልሶ ሰመጠ።

«ለካ ይሰምጣል!» አለች ደስታዋን መያዝ አቅቷት። «ግን አባዬ፣ ማን ነው ቀስቅሶ ተንፍስ የሚለው?»

«ማንም አይለውም።»

«ሳይሉት?»

«ሳይሉት» አሉ አቶ ደምሴ፤ መሰላሉ ትዝ ብሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ተረቴን አውሻችኋለሁ፤ ስትጨርሱ መልሱ። እኔ እንደሆነ ለመጠየቅ አላፍርም፤ ዳቦውንም አብራችሁ አምጡ።