አሮጌው የፍሬን ዘይት

አንድ ባለመኪና ነበረ። ጋሽ ዘለቀ ይህን ምሳሌ የተናገሩት ይርዳው መጥቶ «ሽማግሌ አስታርቆን፣ ተሳስመን፣ አብረን በልተን፣ በወሩ የወንድሜን ጥርስ እንዴት አረገፍኩት?» ብሎ ቢጠይቃቸው ነው። ቱግ አሉ። ካስታረቋቸው ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

የምሳሌው ሰውዬ የእሽቅድምድም መኪና ገዛ። ሜዳ ሳይወርድ ፍሬኗን ሊያጠናክር ተነሳ። ሰው አያምንምና በገዛ እጁ ሠራው። ዲስኩን በትልቅ፣ ሸራውን ሙቀት በሚችል ለወጠ። ሸራውን ከዲስኩ ጋር የሚያጣብቀውን ካሊፐር ቀይ አድርጎ ገጠመ፤ በጎማው መሃል ከሩቅ ይታያል።

ታናሽ ወንድሙ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ የፍሬኑ ዘይት ጠቁሯል። ይፍሰስና በአዲስ ይሞላ እንጂ» አለው።

«ማን ያየዋል? ከጎደለ መጨመር ነው።»

«አሮጌ ዘይት እኮ ውሃ ይስባል። ሲግል ይፈላል።»

«አንተ ፈሪ! ሰዉ ለምርቃት ተሰብስቦ እኔ ዘይት ላንቆርቁር?» አለና ከላይ ትንሽ አዲስ ጠብ አድርጎ ከደነው።

በግ ታረደ፣ መኪናዋ ተመረቀች። ቀዩን ያየ ሁሉ «በዚህ ፍሬን እንኳን መኪና ባቡር ይቆማል!» አለ።

ሜዳ ወረደ። ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ ለቀቃት። መጀመሪያ ስትረገጥ ቀጥ ትላለች፤ «አየህ?» እያለ ያሾፍበታል። ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ፍሬኑ ጋለ። ከስር የተኛው አሮጌ ዘይት ፈላ፤ እንፋሎት ሆኖ ፍሬኑን የሚገፋ ጉልበት አጣ። ኩርባው ጋ ቢረግጥ ፔዳሉ እንደ ጭቃ ወለል ድረስ ሰመጠ። በወንድሙ በኩል ከግንቡ ተላተሙ። ሰውየውን ጭረት አልነካውም። የወንድሙ እግር ግን ተቆረጠ። ይሄኔ ሰውየው ቀዩን ካሊፐር በርግጫ እያለ «አዲስ አይደለህም እንዴ!» ብሎ ጮኸበት። ካሊፐሩ ምን ያድርግ!

ጋሽ ዘለቀ ወደ ይርዳው ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ! በእርቁ ቀን ‹የቆጨህን አውጣው› ብንልህ ‹ምንም የለኝም፣ ትቼዋለሁ› አልክ። እናታችሁን ብቻህን ማስታመምህ እንዳንገበገበህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! አላፈሰስከውም። በላዩ ላይ መሳሳሙን ጨመርክበት፣ እኛም አጨበጨብን። ሞቅ ሲልህ ፈላ። የተጎዳውስ ማነው? አጠገብህ የተቀመጠው! አሁን ሽማግሌ ልትልከኝ ነው? አልሄድም። ራስህ ሂድ፣ ደጁ ቁም፣ የሆድህን እስከ ጠብታው ንገረው፤ እሱም ይንገርህ። እርቁ ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬው ጥርስ ነው፣ ይርዳው። እግር እስኪሆን አትጠብቅ።»