ሽለምጥማጧና የዶሮዋ ክንፍ

ተረት ተረት፤ የላሙ በረት ይቆየንና ስለ ዶሮው ቆጥ ላውራችሁ።

ሽለምጥማጥና ሚስቱ የአንዲት ዶሮን ጫጩቶች ከበሉ በኋላ፣ ባል ጢሙን ልሶ ጋደም አለ። ሚስትን ግን አንዳች ነገር ደረቷን ሰቅዞ ያዛት።

«አንተዬ፣ ምንም አይሰማህም?»

«ምን ይሰማኛል? ጠግቤያለሁ።»

መቆም መቀመጥ ቢያቅታት ዶሮዋ ዘንድ ሄደች።

«እመት ዶሮ፣ ጨነቀኝ። መላ በይኝ።»

ዶሮዋ ትክ ብላ አየቻት። የሽለምጥማጧ እንባ የምር ነበር።

«ነይ እስቲ፤ የልጆቼ ቦታ እንደሆነ ባዶ ነው» ብላ ክንፏን ገለጥ አደረገችላት።

ሽለምጥማጧ ገብታ ተሸጎጠች። ሞቃት፤ ጭንቀቷም ቀለል አላት። እዚያው እንደተሸጎጠች የዶሮዋን አንገት ቀነጠሰችው።

ላባ በላባ ሆና ስትመለስ ባሏ «ተሻለሽ?» አላት።

«ተሽሎኝ ነበር» አለች እያለቀሰች። «ምን ያደርጋል፣ ክንፏ ቀዘቀዘብኝ። ሌላ ዶሮ አታውቅም?»