ጠጄና የጭራቁ ታንኳ

ጠጋ በሉ። የፈራ ጉልበቴ ሥር ይግባ። አልፈራም ባዩም ይጠጋ፤ ጭራቁ ሲመጣ ጀግንነቱን እናያለን። አንተ ደግሞ ጣትህን ከአፍህ አውጣ፣ ይህ ጭራቅ የተጠባ ጣት ይወዳል።

በድሮ ጊዜ፣ ድንጋይ ሳይጠነክር፣ ደመና ሳይርቅ፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። የደሴቲቱ ሰዎች ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳሉ፣ ያደርቁታል፣ እያሰሩ ታንኳ ይሠሩበታል። ልጆቻቸው ጥርስ ሳያበቅሉ መቅዘፊያ ይጨብጣሉ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሁሉ ደሴቲቱን በታንኳ እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። አንድ ሕግም አላቸው። መጨረሻ የደረሰ የሁሉንም ታንኳ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማል። ደንገል ውሃ ይጠጣላ! ካላደረቁት ይከብዳል፣ ከከበደ ይሰምጣል።

ወደዚች ደሴት አስካለ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከደጋ ወርዳ መጣች። ሁለት ልጆች ነበሯት። ጠጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ምትኩ ገና አምስት አልሞላውም። ጠጄ ከዚያ በፊት ብዙ ውሃ ያየችው እንስራ ውስጥ ነው።

ታንኳ ሠሪው አያ ልንገረው ነበር፤ ልጆቹን መቅዘፍ የሚያስተምረውም እሱ ነው። ለጠጄ ማንም የማይፈልጋትን አንዲት አሮጊት ታንኳ ሰጣት። ደንገል ማጨጃ ማጭድም እንደ ማንኛውም ቀዛፊ ታንኳዋ ውስጥ አኖረላት።

የመጀመሪያው ሰኞ መጣ። ጠጄ ቀዘፈች። ታንኳዋ ወደፊት መሄዱን ትታ እዚያው ትሽከረከር ጀመር። ሌሎቹ ዞረው ደርሰው፣ ቆሏቸውን ቆርጥመው፣ አፋቸውን አብሰው፣ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። ልጆቹም እያጨበጨቡ ዘፈኑባት፦

«ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ገባች፣
ጠጄ ገና ትመጣለች!»

ሁሉም ወደየቤታቸው ሄዱ። ዳር ላይ የቀረው ምትኩ ብቻ ነበር። እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጠብቃታል።

«ጠጄ፣ ደረስሽ?»

«ደረስኩ፣ ወንድምዬ።»

ከዚያ አሥራ ስምንት ታንኳ አንድ በአንድ እየጎተተች አወጣች። መዳፏ ተላጠ። የራሷን መጨረሻ ላይ በጀርባዋ ተሸክማ ስታወጣ እንባዋ መጣ። «ሁለተኛ አልቀዝፍም! ለእኔ አልተፈጠረም!» አለች።

ይሄኔ አሮጊቷ ታንኳ ተናገረች። «አድርቂኝ፣ አደርስሻለሁ።»

«ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። በጀርባሽ የተሸከምሽው ማን ሆነና?»

«መቼ ነው የምታደርሺኝ?»

«እሱን አላውቅም። አድርቂኝ፣ አደርስሻለሁ።»

በሁለተኛው ሰኞ ጠጄ መጨረሻ ደረሰች። «ጠጄ፣ ደረስሽ?» «ደረስኩ።» አሥራ ስምንት ታንኳ አወጣች። በሦስተኛውም ሰኞ መጨረሻ ደረሰች። «ጠጄ፣ ደረስሽ?» «ደረስኩ።» አሥራ ስምንት ታንኳ አወጣች። እናቷ፣ «ልጄ፣ ማን አስገደደሽ? ተይው» ብትላት እንኳ አልተወችውም። ውሃው ላይ መሆኑ ደስ ይላት ነበር፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉላት። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነች። ክንዷ ጠነከረ። ታንኳ ገና ብድግ ስታደርግ፣ ይህ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ያደረ ነው፣ ይህ ሦስት ቀን ያደረ ነው ብላ ትለያለች። ፍጥነት ግን የለም። እኔ ልዋሻችሁ? የለም።

አሁን ተጠጉ፤ እየመጣ ነው።

አንድ ሰኞ ሁሉም ደርሰው ሄደዋል። ጠጄ የመጨረሻውን ጥግ ስትዞር ዳሩ ከሩቅ ታያት። ምትኩ ብቻውን ቆሟል፤ እጁን ያውለበልብላታል። ከኋላው ያለው ቁጥቋጦ ተነሣ። ቁጥቋጦ አልነበረም፤ የጭራቅ ጸጉር ነበር። ጭራቁ ቀስ ብሎ ቆመ፣ ቆመ፣ ቆሞም አላለቀም። ጠጄ ጮኸች። ቀዘፈች። ጮኸች። ቀዘፈች። ጭራቁ ግን ልጁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ጥልቅ ባልሆነው በኩል እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየተራመደ፣ ማዶ ወዳለው ጥቁር ድንጋይ ተሻገረ። ስትደርስ ዳሩ ላይ ማንም አልነበረም። «ደረስሽ?» የሚላትም አልነበረም።

«ፈጥኜ ብደርስ ኖሮ» አለች። እናቷ ውሃው ዳር ተቀምጣ ማዶውን ታያለች።

ሰዎቹ ጦር ይዘው ወጡ። ጦሩ የጭራቁ ቆዳ ላይ ተጣመመ። ጭራቁ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «ጦራችሁን ለጥርሴ መፋቂያ አደርገዋለሁ። በታንኳ ትኮራላችሁ አሉ፤ እንግዲያው ቤት የሚያህል ታንኳ ሥሩልኝ። ሰኞ ሰኞ አንድ ሰው ከዳራችሁ ተነሥቶ እስከ ድንጋዬ ይሽቀዳደመኝ። ከቀደመኝ ልጁን እመልሳለሁ፣ አገራችሁንም እለቃለሁ። ከቀደምኩት እበላዋለሁ። ልጁን እስከዚያው አደልበዋለሁ።»

አያ ልንገረው እያለቀሰ ሠራ። ሲያስረክብም፣ «ታንኳ ከውሃ ይወጣል፣ ጌታው፤ ፀሐይ ይመታዋል» አለው፤ ዝም ሊል ፈልጎ ነበር፣ ግን ሠሪ ነውና አፉ አልታዘዘለትም።

«የተሸነፈ ያወጣል ትሉ የለም እንዴ? የተሸነፈው ያውጣልኛ! ያሸነፈ ታንኳ አይሸከምም» አለ ጭራቁ።

በመጀመሪያው ሰኞ ሻረው ወጣ። ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። የጭራቁ ታንኳ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተንሳፍፏል። ጭራቁ አንዴ ቀዘፈ፣ ሁለቴ ቀዘፈ፣ በሦስተኛው ደረሰ። «ቀድሜ ደረስኩ! ከኋላ የመጣ ለጉሮሮዬ!» ሻረውን ዋጠው። ከድንጋዩ ዋሻ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ «ጠጄ፣ ደረስሽ?»

በሁለተኛው ሰኞ አንለይ ወጣ። የጭራቁ ታንኳ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ጭራቁ አንዴ ቀዘፈ፣ ሁለቴ ቀዘፈ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ቀዘፈና ደረሰ። «ቀድሜ ደረስኩ! ከኋላ የመጣ ለጉሮሮዬ!» አንለይን ዋጠው። ከዋሻው ድምፁ ተሰማ፤ ወፈር ብሏል። «ጠጄ፣ ደረስሽ?»

በሦስተኛው ሰኞ ጓዴ ወጣ። እናቱ ነጠላዋን ይዛ እስከ ውሃው ተከተለችው። የጭራቁ ታንኳ ከውሃው በላይ አራት ጣት ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጠጄ አልጨፈነችም። ጭራቁ አምስቴ ቀዘፈ፣ ስድስቴ ቀዘፈ፣ እያለከለከ ደረሰ። «ቀድሜ ደረስኩ! ከኋላ የመጣ ለጉሮሮዬ!» ጓዴን ዋጠው። «ጠጄ፣ ደረስሽ? ጭራቁ ሆዴን እየነካካ ይስቃል።»

በአራተኛው ሰኞ የሚወጣ ጠፋ። ጭራቁ ታንኳውን ነድቶ እስከ ደሴቲቱ ዳር መጣ። «ሰው የለም? እንግዲያው ያደለብኩትን ልብላ።»

«እኔ አለሁ» አለች ጠጄ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። አስካለ ልጇን በወገቧ ጨምቃ ያዘች። «አንዱን ወስዶብኛል፣ አንቺን አልሰጥም! ከሁሉ ኋላ የምትቀሪ ልጅ!»

ጠጄ ወደ ታንኳ ሠሪው ዞረች። «አያ ልንገረው፣ የጭራቁ ታንኳ ስንት ሰኞ ውሃ ውስጥ አደረ? ማን አወጣለት?»

አያ ልንገረው በጣቱ ቆጠረ። ሻረው፣ አንለይ፣ ጓዴ። ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብሎ፣ «አስካለ፣ ልጅቱን ልቀቂያት» አለ።

ጠጄ ለጭራቁ ጮኸችለት፦ «እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ አጭር መንገድ አይሆነኝም። ደሴቲቱን ሦስት ጊዜ ዞረን ድንጋይህ ላይ እንጨርስ።»

«ሦስት ጊዜ! ለምን?»

«አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለወንድሜ፣ አንዱ ለራሴ። ከመበላቴ በፊት አገሬን ጠግቤ ልያት።»

ጭራቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሺ። የደከመ ሥጋ ይለሰልሳል።»

ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ጭራቁ ከዓይን ራቀ። ጠጄ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እንደ ልማዷ ቀዘፈች። «አድርቀሽኛል፣ አደርስሻለሁ» አለች ታንኳዋ። ጭራቁ ወደ እግሩ ሲያይ ውሃ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። «ይሁና» አለ።

በሁለተኛው ዙር ጀርባው ታያት። ውሃ ጉልበቱ ደርሷል። ጭራቁ በቀዘፈ ቁጥር ታንኳው ያቃስታል። ጠጄ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። መዳፏ ደማ፤ እሷ ግን የተላጠ መዳፍ ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች። «አድርቀሽኛል፣ አደርስሻለሁ።»

በሦስተኛው ዙር፣ ሐይቁ ከሁሉ በሚጠልቅበት ጥግ፣ ደረሰችበት። ውሃ ወገቡን አልፏል።

«አንቺ! ታንኳዬ ምን ሆነብኝ?»

«ውሃ ጠጣ።»

«አውጪልኝ!»

«የሚያወጣው የተሸነፈ ነው ብለሃል። የተሸነፉትን ደግሞ በላሃቸው» አለችና አለፈችው።

ጭራቁ አጓራ። ታንኳው ከሥሩ ሰመጠ፤ ሆዱ ከባድ ነበር፣ ዋና አያውቅም። እስከ ደረቱ ገባ። እስከ አገጩ ገባ። እስከ ዓይኑ ገባ። አለቀ አላችሁ? ቆዩ። አንድ ትልቅ እጅ ከውሃው ወጣና የጠጄን ታንኳ ጭራ ያዘ።

ታንኳዋ ወደ ኋላ ተጎተተች። ውሃ ጠጄን ወገቧ ድረስ ነከራት።

«ቁረጪኝ፣ አደርስሻለሁ» አለች ታንኳዋ።

«አልቆርጥሽም!»

«በማጭዱ ቁረጪኝ! አደርስሻለሁ!»

ጠጄ እያለቀሰች ማሰሪያውን ቆረጠች፣ ደንገሉን ቆረጠች። ግማሿ ታንኳ ከነእጁ ወደ ታች ሄደች። ውሃው ሦስት ጊዜ ፈላ፣ ከዚያ ረጋ።

በቀረችው ግማሽ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ በመዳፏ እየቀዘፈች ድንጋዩ ላይ ደረሰች። ታንኳዋ፣ «አደረስኩሽ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ጠጄ የዋሻውን ድንጋይ በዚያ ታንኳ መጎተት በለመደ ክንዷ ገፋችው። ከጨለማው አንድ ድብልብል ያለ ልጅ ብቅ አለ።

«ጠጄ፣ ደረስሽ?»

«ደረስኩ፣ ወንድምዬ። ዘገየሁብህ።»

«ሁልጊዜ ትዘገያለሽ» አለ ምትኩ፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

በሌላ ተረት የጭራቁ ትንሽ ጣት ስትቆረጥ የተዋጡት ሁሉ ዘለው ይወጣሉ። ይህንንም እንዲያ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ጭራቁ ግን ጥልቁ ውስጥ ቀረ፤ ሻረውም፣ አንለይም፣ ጓዴም አልወጡም። እናቶቻቸው ብዙ ጊዜ ዳሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። አያ ልንገረው በታንኳ ሄዶ ሲያመጣላት፣ አስካለ ሁለት ልጆቿን በአንድ ቀን አቅፋ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ በእነዚያ እናቶች ፊት እልል ማለት አቃታት።

ግማሿን ታንኳ አያ ልንገረው አውጥቶ፣ አድርቆ፣ በአዲስ ደንገል ቀጠላት። ሕጉም ያን ቀን ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ደሴት ታንኳ የሚያወጣው የተሸነፈ መሆኑ ቀረ፤ ሁሉም የየራሱን ያወጣል።

ወራት አልፈው ሰኞ መጣ። በሦስት ታንኳ ያነሰ እሽቅድምድም ነበር። ጠጄስ ቀደመች? የት ልትቀድም! ከሁሉ ኋላ ቀረች። የመጨረሻውን ጥግ ስትዞር ግን ወደ ቤቱ የሄደ አንድም ልጅ አላየችም። ሁሉም ዳር ላይ ቆመዋል፤ ቆሏቸውን አልነኩትም፣ አልዘፈኑም። ምትኩ ከፊት ነው። ታንኳዋ ዳሩን ስትነካ ሁሉም በአንድ አፍ ጠየቋት፦

«ጠጄ፣ ደረስሽ?»

ተረቴን እዚህ ዳር አወጣኋት፤ ፀሐይ ላይ አቁሟት፣ ስትደርቅ የፈለገ ይቅዘፍባት።