ባዶ ላይ የተናገረው መለኪያ

ተረት ላምጣ? አምጣ በሉኛ! እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህን ጉድ ከሰማሁ ወዲህ እኔ ራሴ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልተመለስኩም።

ድሮ ድሮ፣ ብረትም ጎማም እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ አያ ሸክሜ የሚባል ሽማግሌ የጭነት መኪና ነበር። አንድ ቀን የድንች ጆንያውን ተሸክሞ፣ እመት ዶሮን ከነጫጩቶቿ ከጆንያው ላይ አስቀምጦ፣ ትልቁን ገደል ሊወርድ ተነሳ። ቁልቁለቱ ሳይጀመር የኋላ ግራ ጎማው ጮኸች።

«አያ ሸክሜ፣ ንፋሴ እየወጣ ነው! እንዲህ ሆኜ ከወረድን እፈነዳለሁ፤ ሁላችንም ገደል እንገባለን!»

አያ ሸክሜ ክው አለ። በዚያ አገር ደንብ፣ ገደል የሚወርድ ሁሉ ከጎሚስታው ደጃፍ አንድ የንፋስ መለኪያ መርጦ፣ እንደ መንገድ ዘመድ ይዞት ይሄዳል። እሱም ሄደ፤ ሦስት መለኪያዎች ተሰቅለው አገኘ።

መጀመሪያ ድቡልቡሉ ወረደ። የጎማዋን አፍ ነካና «ሞልተሻል» አለ። እስቲ ድገም ቢሉት «ጎድለሻል» አለ። እስቲ ሠልስ ቢሉት «እንግዲህ እንደምትወዱት» አለ።

«ወግድልኝ!» አለው አያ ሸክሜ።

ቀጥሎ ፊቱ የተፋቀው ጭረቴ ወረደ። ነካና «ጎድለሻል» አለ። ደገመ፤ «ጎድለሻል።» ሠለሰ፤ «ጎድለሻል።»

«ምን ያለው ሟርተኛ ነው! መንገደኛ በዚህ አፍ ይሸኛል?» አለ አያ ሸክሜ።

በመጨረሻ የሚያብለጨልጨው ወርቄ ወረደ። «ሙሉ ነሽ! እንደ ሙሽራ ጉንጭ ሞልተሻል!» አለ። ደገመ፤ ሠለሰ፤ ያው ምስጋና ነው።

«እኔ እኮ ከመሬት ልጣበቅ ነው!» አለች ጎማዋ።

«ዝም በይ! ከእሱ ልታውቂ ነው?» ብሎ አያ ሸክሜ ወርቄን ከመሪው ጎን ሰቀለና መንገዱን ቀጠለ። ምን ይባላል! የገዛ እግሩ እየጮኸችለት የብልጭልጭ አፍ አመነ።

ከገደሉ አፋፍ ደረሱ። ማንም ሳይነካው፣ እንደተሰቀለ፣ ወርቄ አፉን ከፈተ።

«ሙሉ ነሽ! እንደ ሙሽራ ጉንጭ ሞልተሻል!»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች እመት ዶሮ ክንፏን ጫጩቶቿ ላይ ዘርግታ። «ማንን ነው የሚያናግረው?»

«ወርቄ፣ ማንን ነክተህ ነው?» አለ አያ ሸክሜ።

«ማንንም።»

«ታዲያ የሞላው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ከተወለድኩ ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው።»

ጉድ በሉ! አያ ሸክሜ ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ያዘ። የፊት ጎማው የገፋው ድንጋይ ገደል ገባ፤ ሲያርፍ የሰማው የለም።

እያነከሰ ወደ ጎሚስታው ደጃፍ ተመለሰ። ጭረቴን ከምስማሩ አወረደና ምንም ሳያስነካው «እስቲ ተናገር» አለው። ጭረቴ ጭጭ። የፊቱ ቀስትም ባዶ በሚለው ምልክት ላይ እንደተኛ ቀረ። ከዚያ ጎማዋን አስነካው።

«ጎድለሻል፤ ከቅድሙም ይብሳል።»

ያን ቃል አያ ሸክሜ እንደ ምርቃት ተቀበለው። ጎማዋን አስጠግኖ አስሞላና፣ ጭረቴ «አሁን ሞልተሻል» እስኪል ጠብቆ ወረደ። እመት ዶሮም ጫጩቶቿን ቆላ አደረሰች።

ተረቴ ይኸው፤ የዳቦዬን ነገር አደራ። ይህችን ደግሞ ያዙልኝ፦ ባዶውን ባዶ ያላለ፣ ሙሉውን ሙሉ ቢል ማን ያምነዋል?