የጨው ነጋዴው መርፌ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አለቃ ቁም ነገር ሲጠይቅ በተረት መመለስ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ድንበሩ ልጄ፣ «የኔታ፣ በግምገማ ጥፋቱን ሁሉ የተናገረው ሠራተኛዬ አሁን ዝም አለኝ፤ ደብቆ ይሆናል፣ አንድ ዙር ልጨምርለት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ዕውቀቴ አጭር ነውና የማውቃት ተረት ይህችው ናት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም የጨው ነጋዴ። የአንዲት ልጁን አንድ ዓይን ሞራ ጋረደው። ሞራውን የሚገፍ ሐኪም ተገኘ፤ መርፌው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ጫፏ ከመቅጠኑ የተነሣ አይታይም። በዚያ ቤት ስታድር ስስ ጨው ለበሰች። እንዳይጠርጓት ትታጠፋለች፤ እንዳያጥቧት የአገሩ ውኃ ራሱ ጨው ነው።

ነጋዴው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው መርፌዋን አየሩ በተመጠጠ ብርጭቆ ውስጥ አቆመ፤ ፊት ለፊቷ ቅንጣት ሲያርፍበት የሚያበራ መስተዋት አደረገ፤ ከዚያ ብርቱ ኃይል ለቀቀባት። የነካት እጅ የለም። ጨዉ ግን ከብረቷ እየተነቀለ ሄደ፤ መስተዋቱ ላይ ባረፈ ቁጥር ነጭ ብርሃን ብልጭ ይላል። ኮሽታ እንኳ የለም። ቤተ ሰቡ ከቦ ያያል።

በኋላ መስተዋቱ ጨለመ።

«ምነው ቆመ? ጨምርበት እንጂ!» አለ ነጋዴው።

ባለሙያው «አልቆ ይሆናል» ሊል አፉን ከፈተና የነጋዴውን ፊት አየ። «እንዳሉ፣ ጌታዬ» ብሎ ጨመረ።

ብርሃኑ ተመለሰ። አሁንማ አማረ! ክብ በክብ እየሆነ በዝምታ ይዘንባል። ነጋዴው አጨበጨበ። «ይኸው! ይህን ሁሉ ደብቃ ኖሯል!»

ልጅቱ፣ «አባዬ፣ ይኼኛው ጨው አይመስልም» አለች።

«አንቺ ደግሞ፣ ባንድ ዓይን ምን ይታይሻል?»

ኃይሉ ሲጠፋ ሐኪሙ መርፌዋን አወጣ። ንጹሕ ናት፣ ታበራለች። ጫፍ ግን የላትም። ሐኪሙ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ፤ ልጅቱም ባንድ ዓይኗ ቀረች።

ድንበሩ ልጄ፣ ያ ኃይል ግምገማህ ነው። መጀመሪያ የወጣው የሰውዬው ጥፋት ነበር፤ ዝምታው ማለቁ ነው። ብትጨምርበት መናገሩ አይቀርም፤ ከፊተኛውም ያማረ ይናገራል፣ አንተም ታጨበጭባለህ። የሚወጣው ግን ራሱ ሰውዬው ነው። ሰኞ ስትገባ ወንበሩ ላይ አንድ ንጹሕ ነገር ተቀምጦ ታገኛለህ፤ ደኅና አደርክ ብትለው «እንዳሉ» ይልሃል።

በል፣ ይህን ለማንም እንዳታወራብኝ፣ አደራ። ከሰሙ እኔንም ለግምገማ ይጠሩኛል፤ እኔ ደግሞ ገና ሳይጀምሩኝ ዝም የምል ሰው ነኝ።