ደብሪቱ ለምራቷ ያወጣችው ስም

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የመሠረት!» በሉኝ፤ ድምፃችሁ ይሰማኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ወሬ ደረሳት። አንድ ልጇ አስናቀ፣ ለትምህርት ከሄደበት ከቼክ አገር ሙሽራ ይዞ እየመጣ ነው አሏት። እልል አለችና ዘንቢሏን መንገድ ላይ ረስታ ሮጠች።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ሙሽራ ስትገባ አማቷ በጎረቤት ፊት አዲስ ስም ታወጣላታለች። የድሮው ስም ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ስሙን ያልተቀበለች ሙሽራ አማቷን ንቃለች ይባላል። ደብሪቱም «ያለምዘውድ» የሚል ስም አስባ ከቆየች ዓመታት አልፈዋል።

ሙሽራዋ መጣች። አማርኛውን አስናቀ አስተምሯታል። ጎረቤት ተሰበሰበና ደብሪቱ ስሙን ልትናገር ስትል፣ ሙሽራዋ የደብሪቱን ጉልበት ይዛ፦

«እማማ፣ ስሜን አይውሰዱብኝ። ሉድሚላ ያለችኝ እናቴ ናት። እሷ ሞታለች፤ የቀረኝ ይኸው ነው» አለች።

ጎረቤቷ ማንጠግቦሽም፦ «ኧረ ጉድ! ደብሪቱ፣ ምራትሽ ገና ከበሩ ናቀችሽ። ስሙም ቢሆን፣ እሱን ለመጥራት ምላስ መዋስ ሊኖርብን ነው!» አለች። ሰው ሳቀ።

ደብሪቱ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያም፦ «ለመሆኑ ምን ማለት ነው?» አለች።

«በጥንት አያቶቻችን ቋንቋ በሕዝብ የተወደደች ማለት ነው። ድሮ ሉድሚላ የምትባል ደግ አያት ነበረች። የልጅ ልጇን በሃይማኖት አሳደገች፤ ዛሬ አገራችን ቅድስት ይላታል። እናቶችም ልጆቻቸውን በሷ ስም ይጠራሉ። እርስዎንስ እናትዎ ማን ይሉዎት ነበር?»

ደብሪቱን እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ደብሪቱ ያለቻት አማቷ ናት። እናቷማ «ውቢት» ነበር ያለቻት። ባሏ ይህን ያውቅ ነበርና፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ቀስ ብሎ «ውቢት» ይላት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲያ ጠርቷት አያውቅም።

ብድግ አለችና፦ «ስም የማወጣው እኔ አይደለሁም?» አለች።

«አንቺ ነሽ!» አሏት።

«እንግዲያው አድምጡ! ምራቴን ሉድሚላ ብያታለሁ። ማንጠግቦሽ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ተለማመጂ!»

እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ደብሪቱም ምራቷን አቅፋ በጆሮዋ፦ «እኔ ውቢት ነበርኩ» አለቻት። ሉድሚላም፦ «እማማ ውቢት» ብላ ሳመቻት።

ተረቴን ለልጆቻችሁ አድርሱልኝ፤ ለእኔም ከቆሎው ዘግኑልኝ። ስትዘግኑም፣ የውቢትን ስም ያውቅ ለነበረው ለባሏና ለሉድሚላ እናት ነፍስ ይማር በሉ።