የአትጠገብ ድንችና የተቆለፈው በር

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ሥራ ያለው ይሂድ። ወሬው ሥራ ስላልነበራቸው ሰዎች ነው።

አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ወገቡን ታሞ ስለተኛባት ድንቹን ብቻዋን ቆፍራ አወጣች። የልጆቿ የዓመት ቀለብ፣ የሚመጣው ዘመን ዘር፣ ሁሉም እሱ ነው። ቤቷ ጠባብ፣ ወለሉ እርጥብ ነው። መንደሩ ግን አዲስ የድንች መጋዘን ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ አጨብጭቦ፣ ቆልፎታል። አትጠገብ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ እንዲከፈትላት።

ቁልፉ ያለው የመጋዘኑ ጠባቂ አያ ቢተው አንገት ላይ ነው።

"አያ ቢተው፣ ይክፈቱልኝ፤ ድንቼ ፀሐይ ላይ ነው።"

"ቆጥ ሳይሠራለት? መሬት ላይ ተከምሮ ቢበሰብስ ተጠያቂው እኔ ነኝ!" አለ፣ ቁልፉን እንደ ማተብ እየዳበሰ። እዩልኝ ይህን አሳቢ! መጋዘን ውስጥ እንዳይበሰብስ ሜዳ ላይ ይበስብስ አለ።

ቆጥ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ድንቹም ሜዳ ላይ።

ወደ አናጢው ወደ እንዳላማው ሄደች። ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘችው።

"እንዳላማው፣ ለመጋዘኑ ቆጥ ሥራልኝ።"

"በምን ልሥራው? በጣቴ? ቀርከሃ አምጪ!" አለና ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ።

ቀርከሃ ከሌለ ቆጥ የለም፤ ቆጥ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ድንቹም ሜዳ ላይ። ውሎ አድሮ ፀሐይ የመታው የድንቹ ጎን አረንጓዴ ሆነ።

ቀርከሃ ያለው አያ ጓዴ ነው፤ ጫካ የሚያህል ቀርከሃ።

"ለአንቺ ያልሆነ ቀርከሃ ለማን ሊሆን ነው!" አለ። ቸርነቱ ከአፉ አያልፍም። "ግን በየት ይውጣ? ፈንታሁን መንገዱን አጥሮታል። እሱ አጥሩን ካልነቀለ አንድ ዘንግ አልቆርጥም።"

መንገድ ከሌለ ቀርከሃ የለም፤ ቀርከሃ ከሌለ ቆጥ የለም፤ ቆጥ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ድንቹም ሜዳ ላይ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደበት።

ፈንታሁን አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

"አያ ፈንታሁን፣ ስለ ልጆቼ ብለው መንገዱን ይክፈቱልኝ።"

"መጋዘኑ ሲመረቅ የት እንዳስቀመጡኝ አይተሻል? ከኋላ! ከሴቶቹ ኋላ!" አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለድንቹ አይደለም፣ ለወንበሩ ነው። "ሊቀመንበሩ እዚህ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀኝ አጥሬ አይነቀልም።"

ይቅርታ ከሌለ መንገድ የለም፤ መንገድ ከሌለ ቀርከሃ የለም፤ ቀርከሃ ከሌለ ቆጥ የለም፤ ቆጥ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ድንቹም ሜዳ ላይ። በሳምንቱ ሲነኩት ጣት ይሰምጥበት ጀመር።

ሊቀመንበሩ አቶ ደምለው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው።

"እኔ ነኝ ሰው ደጅ ሄጄ ይቅርታ የምለው? ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል" አለ።

"ስብሰባው መቼ ነው?"

"አሁንማ ሰው ሁሉ ምርት ላይ ነው። ድንቹ ሁሉ መጋዘን ከገባ በኋላ ነዋ!"

አትጠገብ ትክ ብላ አየችው። የቀለደ መስሏት ነበር። አልቀለደም።

ስብሰባ ከሌለ ይቅርታ የለም፤ ይቅርታ ከሌለ መንገድ የለም፤ መንገድ ከሌለ ቀርከሃ የለም፤ ቀርከሃ ከሌለ ቆጥ የለም፤ ቆጥ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ድንቹም ሜዳ ላይ። ድንቹ ካልገባ ደግሞ ስብሰባ የለም!

ቤቷ እስክትደርስ አለቀሰች። ስትደርስ ግን እንባዋን ጠርጋ ክምሩን ናደችው። ከሥር የተበላሸው ድንች ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እሱን በጆንያ ሞልታ፣ አህያ ላይ ጭና ሄደችና የሊቀመንበሩ በረንዳ ላይ ዘረገፈችው።

"ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ጮኸ።

"ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል ብለውኝ የለ? ባለጉዳዩን ይዤ መጣሁ። የቀረውም እንደበሰበሰ ይመጣል።"

ሚስቱ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ከቤት ወጣች። "ደምለው! ወይ ይሄ ሽታ ይወጣል፣ ወይ አንተ ትወጣለህ!"

ስብሰባ አላስፈለገም። ሊቀመንበሩ ሮጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፈንታሁን አጥሩን ነቀለ፤ ጓዴ ቀርከሃውን ቆረጠ፤ እንዳላማው ቆጡን ሠራ፤ ቢተው በሩን ከፈተ። ለካ ከተነሡ የሚያልቅ ሥራ ነው!

አትጠገብ ድንቹን ለየች። የበሰበሰውን ጣለች፣ አረንጓዴውን ለዘር ለብቻው አደረገች፣ ጤነኛውን ቆጡ ላይ ሳሳ አድርጋ ዘረጋችው። የተረፈው ግማሹ ነው። ዘሩ ይበቃል፤ ቀለቡ ግን እስከ ክረምት አያደርሳትም።

አምስቱ ወንዶች በሩ ላይ ተኮልኩለው ምስጋና ይጠብቃሉ። ሊቀመንበሩ ንግግር ሊያደርግ ጉሮሮውን ጠረገ። አትጠገብ ከጎነበሰችበት ቀና አለች።

"ከበሩ ዞር በሉ" አለች። "ድንቹ ነፋስ ይፈልጋል።"